የዓመት መታደሻ ሰሞን፦ ሂናሪ፣ ፐብሜድ፣ አፕቱዴት፣ ኮሃና ዲስፔስ በየትኛው ቅደም ተከተል ይታዩ?

ንባብ_ቱሉዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ላይብረሪን የሚመለከት ነው። ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ፋርማሲና ሜዲካል ላብራቶሪ በዲግሪ፣ የኅብረተሰብ ጤና ደግሞ በማስተርስ ይሰጣል። ጆርናሎች የሚገኙት ለታዳጊ አገሮች የጤና ጆርናሎችን በሚከፍተው በሂናሪ ነው። የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው ፐብሜድና የጥናት ግምገማዎች (ሪቪው) የሚያወጣው ኮክሬን ይሠራባቸዋል። የሕክምና ማመሳከሪያው አፕቱዴት ኮሌጁ እየከፈለበት በየዓመቱ ይታደሳል። ካታሎጉ ኮሃ በሚባል ሶፍትዌር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፎች ያሉት ዲስፔስ 6 በሚባል የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር ላይ ነው።

ፈረንጆቹ ዓመት በሚለውጡበት ሰሞን፣ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር ማብቂያ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ ይናጋል። ባለፈው ሳምንት የተከፈተ ጆርናል ዛሬ ክፈሉ ይላል። የማስተርስ ተማሪዎች በጥቅምት ያስኬዱትን የፐብሜድ ሰርች ያለ ምንም ለውጥ ደግመው ሲያስኬዱ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፣ አማካሪውም ለምን ብሎ ይጠይቃል። አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) የወጡ ተማሪዎች አፕቱዴት ስልካቸው ላይ ተዘጋ ይላሉ። ዲጂታል ክፍሉ ውስጥ ካሉት ኮምፒዩተሮች ግማሾቹ የትኛውንም ገጽ ሲከፍቱ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ፤ ጎናቸው ያሉት ደህና ይሠራሉ። ዲስፔሱን በተመለከተ ቴክኒሺያኑ «እየሠራ ያለ ነገር አይነካም» ባይ ነው።

ከዚህ ውስጥ በላይብረሪው በኩል የሚስተካከለው የቱ ነው? ከአሳታሚዎቹ ጠብቀን የምንቀበለውስ? ፋይናንስ ደግሞ የዋጋ ማቅረቢያ በየትኛው ወር እንደሚያስፈልገን ቁርጡን ንገሩን ብሏል።

ማውጫ

ከፋይናንሱ ልጀምር፣ ቀድሞ ካልተያዘ ሌላውን ሁሉ ያዘገያልና።

የዳታቤዝ ሻጮች ዓመት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ይጀምራል ማለት ነው፤ ጳጉሜ 6 ሆና ካለፈች ደግሞ ታኅሣሥ 22። የኮሌጆች በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ስለዚህ ውሉ የሚታደሰው በጀት ዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ በሰኔ በተገመተ ብር ነው። ዋጋው ግን በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በሰኔ የተሰላ ብር ታኅሣሥ ላይ ይበቃል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያውን በመስከረም ጠይቁ፣ የውጭ ምንዛሪ ማመልከቻው ከጥቅምት አይለፍ። በጀቱ ላይ የሚጻፈው የዶላሩ መጠን ይሁን፣ የብሩ ግምት ጎን ለጎን ይቀመጥ።

አንድ መላ አለ። ሻጩን ለአንድ ጊዜ ብቻ የ6 ወር ወይም የ18 ወር ውል ጠይቁት። እሺ ካለ ከዚያ በኋላ ውላችሁ ሐምሌ ላይ ይገጥማል፣ የታኅሣሡም ሩጫ ይቀራል። ክፍያው ባንክ ውስጥ ሲጓተት አገልግሎቱ ወዲያው እንዳይቋረጥ የእፎይታ ጊዜ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የተባለ ነገር ጥር ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ለሂናሪ ይህ ሁሉ አይመለከትም። ኢትዮጵያ ያለችው ክፍያ በማይጠየቅበት በምድብ ሀ ነው፤ የሂናሪ ማደሻ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ሂናሪ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት ነው፤ አሁን በሪሰርች ፎር ላይፍ ሥር ከግብርናው አጎራ፣ ከአካባቢ ጥበቃው ኦአሬ፣ ከቴክኖሎጂው አርዲና ከሕጉ ጎአሊ ጋር በአንድ መግቢያ ይገኛል። ይህ ለማስተርሶቻችሁ ይጠቅማል፦ ስለ ምግብና ሥነ ምግብ የሚጽፍ ተማሪ ሂናሪ ውስጥ ያጣውን ጆርናል አጎራ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

«ክፈሉ» የሚለው ነገር ሁለት የተለያየ ምክንያት አለው፣ ሳይለዩ መሮጥ ጊዜ ይበላል።

አንደኛው የመንገድ ስህተት ነው። ተማሪው ጽሑፉን ጉግል ላይ ፈልጎ በቀጥታ አሳታሚው ገጽ ላይ ይገባል። አሳታሚው እሱን የሚያውቅበት መንገድ የለም፣ ዋጋ ያሳየዋል። የአድራሻ መስመሩን ተመልከቱ፦ በሂናሪ በኩል የገባ ሰው በአብዛኛው ከአሳታሚው ስም ጋር የሪሰርች ፎር ላይፍ ስም ተቀጥሎ ያያል። የአሳታሚው ስም ብቻውን ከቆመ ወጥቷል፣ በመግቢያው ተመልሶ ይግባ። ላይብረሪው ድረ ገጽ ላይ የለጠፋችኋቸው የድሮ ሊንኮችም ይህንኑ ስህተት ይፈጥራሉ፤ በየዓመቱ አንድ በአንድ ተጭናችሁ ሞክሯቸው።

ሁለተኛው እውነተኛ መነሣት ነው። አሳታሚዎች የትኛውን ጆርናል ለየትኛው አገር እንደሚከፍቱ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፣ ዝርዝሩም ይቀያየራል። ሂናሪ ውስጥ ገብታችሁ ጆርናሉን በፊደል ተራ ዝርዝሩ ፈልጉት። ከሌለ ከናንተ የሚጠበቅ ጥገና የለም። ያኔ ተማሪውን ሙሉ ጽሑፎች በነፃ ወደሚገኙበት ወደ ፐብሜድ ሴንትራል ምሩት፣ ነፃ ቅጂ የሚፈልገውን አንፔይዎል የሚባለውን የብራውዘር ማከያ ጫኑለት፣ ካልሆነም ለጽሑፉ ተጠሪ ደራሲ ኢሜይል ይጻፍ፤ ብዙዎቹ ፒዲኤፉን ይልካሉ። ኮክሬን ላይ ደግሞ ከወጣ 12 ወር ያለፈው ሪቪው ለማንም ክፍት ነው፣ ይህ ከየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለወጡት ነው።

የአፕቱዴቱ እናንተ ያነሣችሁት ዓይነት መናጋት አይደለም፤ ከዓመት መለወጥ ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው። ከግቢ ውጭ የሚሠራ የግል አካውንት በየ90 ቀኑ አንዴ ከተቋሙ ኔትወርክ ላይ ሆኖ መረጋገጥ አለበት። በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ቢሾፍቱ የወጣ ተማሪ ጥር ላይ ቀኑ ይሞላበታል። መፍትሔው አታችመንት ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ግቢ ዋይፋይ ላይ፣ አፑን ከፍተው እንዲገቡ ማድረግ ነው። ዝም ብሎ አፑን መክፈት አይበቃም፤ በስማቸው መግባታቸውን እዩ።

ፋርማ_ሰበታ

ሂናሪን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፓስወርዱን ቴሌግራም ቻናል ላይ ፒን የምታደርጉ ካላችሁ ተዉት። ቻናሉ ውስጥ ያለው የቀድሞ ተማሪ፣ የጓደኛው ጓደኛ፣ አገር ለቆ የወጣው ሁሉ ይጠቀምበታል። አሳታሚው ባንድ ቀን ብዙ መቶ ፒዲኤፍ ባንድ ተቋም ስም ሲወርድ ካየ ይዘጋል፣ የሚዘጋው ደግሞ መላው ኮሌጅ ላይ ነው። ሙሉ የጆርናል እትም በፕሮግራም ማውረድ ውሉ የሚከለክለው ነገር ነው።

ሪፈረንስ_ዴስክ

@ፋርማ_ሰበታ ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ፓስወርዱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍም መፍትሔ አይሆንም። ቅዳሜ ማታ ላፍቶ ወይም ገላን ቤቱ ሆኖ የሚጽፍ ተማሪ ፓስወርዱን ካጣ ሌላ ሕገ ወጥ ገጽ ይሄዳል። በየሴሚስተሩ ምዝገባ ላይ በወረቀት ስጡ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ለሂናሪ ድጋፍ ሰጪዎች ጽፋችሁ አስቀይሩት። ተጠሪ ሆኖ የተመዘገበው ኢሜይል የሠራተኛ የግል አድራሻ እንዳይሆን። ሰውዬው ሥራ ሲለቅ ማሳሰቢያው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ፐብሜድ ቁጥር፤ የጥያቄው ከባድ ክፍል ይሄ ነው። ሌሎቹ ሲበላሹ ቀይ ምልክት ያሳያሉ፣ ይሄኛው ግን ምንም ሳይል ውጤቱን ይለውጣል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሜሽ የሚባለውን የርዕሰ ጉዳይ መዝገበ ቃላት በየዓመቱ ያድሳል። አዲሱ ዝርዝር ፐብሜድ ላይ የሚውለው በፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በእኛ። ተማሪዎቻችሁ በጥቅምት ያስኬዱት በአሮጌው፣ በጥር ያስኬዱት በአዲሱ ነው። ሰርቹ ፊደል በፊደል አንድ ቢሆንም ፐብሜድ የሚተረጉመው በሌላ ሰንጠረዥ ነው።

የሚደርሰው ለውጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። ስም ብቻ ሲቀየር ችግር የለም ማለት ይቻላል፦ «ሜንታል ሪታርዴሽን» የሚለው ርዕስ እ.ኤ.አ. በ2013 «ኢንተሌክቹዋል ዲሳቢሊቲ» ሲሆን የቆዩ ጽሑፎችም አብረው ተለውጠዋል፣ የድሮው ስምም ወደ አዲሱ ይመራል። አዲስ ርዕስ ሲጨመር ግን የቆዩት ጽሑፎች በአብዛኛው ተመልሰው አይሰየሙም። «ኸልዝ ሊትረሲ» ዋና ርዕስ የሆነው በ2010 ነው፤ በዚህ ርዕስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በፊት የታተመውን አብዛኛውን ያጣል። ለዚህ ነው ሜሽ ዳታቤዙ ውስጥ የርዕሱን ገጽ ከፍታችሁ «የገባበት ዓመት» እና «ቀድሞ ይሰየምበት የነበረው» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ማየት ያለባችሁ። ቀድሞ የነበረውን ርዕስ በ«ኦር» («ወይም» በሚለው ማያያዣ) አያይዙት። ኮቪድ-19 ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፦ በ2020 የገባው ተጨማሪ ፅንሰ ሐሳብ በሚባለው ክፍል ነበር፣ ዋና ርዕስ የሆነው በ2021 ዝርዝር ነው። ከ2020 ሪቪው ላይ ተገልብጦ የመጣ ሰርች የድሮውን ታግ ይዞ ስለሚመጣ እንዳለ ማስኬድ ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ የዛፍ ዝውውር ነው። ሜሽ በቅርንጫፍ የተደራጀ ነው፣ አንድን ርዕስ ስትፈልጉ ሥሩ ያሉት ሁሉ አብረው ይመጣሉ። አንድ ንዑስ ርዕስ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዛወር የእናትየው ርዕስ ቁጥር በመቶዎች ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል፣ ያውም ማንም አዲስ ጽሑፍ ሳያትም።

ምክንያቱን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ። «አድቫንስድ» ገጽ ግቡ፣ ታች ባለው የሰርች ታሪክ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ጫኑ። ፐብሜድ ቃላችሁን ወደ ምን እንደተረጎመው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በጥቅምት የወጣውን ትርጉም ካስቀመጣችሁት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነቱን በአምስት ደቂቃ ታገኙታላችሁ። ካላስቀመጣችሁት ተመልሶ የሚገኝበት መንገድ የለም፤ ያ ታሪክ 8 ሰዓት ሳይነካ ከቆየ ይጠፋል። ስለዚህ ለተማሪዎቹ ሕጉ ይሄ ይሁን፦ እያንዳንዱ መስመር፣ ቁጥሩ፣ ትርጉሙና የተፈለገበት ቀን በዚያው ዕለት ወርድ ላይ ይገልበጥ። የሪቪው አጻጻፍ መመሪያው ፕሪዝማ 2020 ሙሉ የሰርች ስልትና የመጨረሻ የተፈለገበት ቀን ይጻፍ ስለሚል ለአማካሪውም መልስ ይሆናል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት፣ ዓ.ም. ቀላቅሎ የጻፈ ሰው ገምጋሚው ፊት ይቸገራል።

ሰርች ሲያድሱ «ካለፈው ጊዜ ወዲህ የታተመ» ብለው በሕትመት ቀን አይገድቡ። ጽሑፍ የካቲት የሚል የሕትመት ቀን ይዞ ኅዳር ላይ ፐብሜድ ሊገባ ይችላል፣ ተቃራኒውም አለ። ፐብሜድ የገባበትን ቀን ተጠቀሙ። ሜሽ ብቻውንም አይበቃም። ከ2022 ጀምሮ ስያሜው በማሽን ስለሚሠራ ፈጥኗል፤ ይሁንና ፐብሜድ ውስጥ ያለ ሁሉ ሜድላይን (ሜሽ የሚሰጠው ክፍል) አይደለም፣ በፐብሜድ ሴንትራል በኩል ብቻ የገቡት ሜሽ የላቸውም። ርዕስና አጭር መግለጫ ውስጥ የሚፈልገው መስመር ሁልጊዜ አብሮ ይኑር።

የአካባቢ ስም ማጣሪያችሁንም እግረ መንገዳችሁን አድሱ፤ ይሄ ማንም አያስታውሳችሁም። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆነዋል። በአሮጌው የደቡብ ክልል ምሕጻር ብቻ የሚፈልግ ሰው አዲሱን ጽሑፍ አያገኝም። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ይብሳል፦ ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ላይ የተሠራ ጥናት በከተማው ስም፣ በሸገር፣ በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ወይም ዝም ብሎ በአዲስ አበባ ሊጠራ ይችላል። የላቲን አጻጻፉም በእንግሊዝኛውና በቁቤው ይለያያል። ሁሉንም በ«ኦር» ደርድሩ።

ማይ ኤንሲቢአይ በሚባለው የፐብሜድ የግል አካውንት ላይ የተቀመጡ የኢሜይል ማሳሰቢያዎች ካሏችሁ በራሱ ፓስወርድ መግባት ቀርቷል፣ በጉግል ወይም በኦርኪድ (የተመራማሪዎች መለያ) ዓይነት መግቢያ ነው። አንዱ መግቢያ ቢጠፋ ሌላው እንዲያስገባ ቢያንስ ሁለት አያይዙ፣ አንዱ የላይብረሪው የጋራ ኢሜይል ይሁን።

ሰርቨር_ክፍል

የኮምፒዩተሮቹ ነገር ዳታቤዙን አይመለከትም። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሠርቶ ሌላው ካልሠራ መጀመሪያ የሚታየው ታች በቀኝ በኩል ያለው ሰዓትና ቀን ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያረጀ የማዘርቦርድ ባትሪ ያለው ኮምፒዩተር በጠፋ ቁጥር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል። የድረ ገጾች ሰርተፊኬት ደግሞ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ የኮምፒዩተሩ ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ብራውዘሩ አላምንም ይላል። ቀኑን አስተካክሉት፣ ገጹ ይከፈታል። በማግስቱ ተመልሶ ከመጣ ባትሪው ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ካልሠራ ሲስተሙን እዩ። ዊንዶውስ 7 እና 8 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፣ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አይታደስም። የአሳታሚ ገጾች ደግሞ በየጊዜው ስለሚታደሱ ቁልፎች አይሠሩም፣ ፒዲኤፍ አይከፈትም። ማሽኑ ለአዲስ ዊንዶውስ ካልቻለ ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፤ ለብራውዘርና ለማጣቀሻ ማደራጃው ዞቴሮ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። የዞቴሮ ዓይነት የሆነውን ሜንደሌይ ዴስክቶፕን በአሮጌ ማሽኖች ላይ ለማቆየት አትድከሙ፣ ለአዲስ ተጠቃሚ ማውረድ የቆመው በሴፕቴምበር 2022 ነው።

በአይፒ (በኔትወርካችሁ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) የሚታወቅ ዳታቤዝ ካላችሁ፣ አፕቱዴት ከነዚህ ነው፣ መስመር ባሳደጋችሁ ወይም አቅራቢ በቀየራችሁ ቁጥር አይፒው መቀየሩን አረጋግጡ። ራውተሩ ላይ በውጭ በኩል የሚታየው ቁጥር በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ የራሳችሁ አይፒ የላችሁም፣ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ነው የምትጋሩት። እሱን ለሻጭ ሰጥቶ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ቋሚ አይፒ ማስገባት ግድ ነው። ፍተሻውንም ከሰርቨር ክፍል ወንበር ላይ ብቻ አታድርጉት። በሞባይል ዳታ፣ ከግቢ ውጭ፣ በተማሪ አካውንትም ሞክሩ። ከቢሮ መሥራቱ ብቻውን ከውጭ መሥራቱን አያረጋግጥም።

ኮሃ አዲስ ስሪት የሚያወጣው በሜይና በኖቬምበር ነው። የኖቬምበሩን በወጣበት ወር አትጫኑ። አንድ ስሪት ወደ ኋላ ያለውንና ወርሃዊ እርማቶቹ የገቡለትን ያዙ። ከማሻሻያ በፊት ሙሉ ባክአፕ፣ ባክአፑንም ሌላ ማሽን ላይ መልሶ መክፈት፤ ያልተከፈተ ባክአፕ አለ አይባልም። ካሻሻላችሁ በኋላ በአማርኛ ፈልጉ። «ጤና» ብላችሁ ምንም ካልመጣ የኮሃ መፈለጊያ የሆነው የዜብራ ማውጫው አይሲዩ በሚባለው የቃል አቆራረጥ መዋቀሩን አይታችሁ ሙሉውን እንደገና ኢንዴክስ አድርጉ። ሕክምና በሐመሩ ሐ እና በሃሌታው ህ የተመዘገቡ መጻሕፍት ግን በዚህ ብቻ አብረው አይመጡም፣ ያ የመዝጋቢው ሥራ ነው።

ዲስፔስ 6 ላይ ከቴክኒሺያናችሁ ጋር አልስማማም። ድጋፉ ያበቃው ጁላይ 1 ቀን 2023 ነው፣ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንለት የለም፣ ሰርቨሩ ደግሞ ለኢንተርኔት ክፍት ነው። በሌላ በኩል መፍራቱ ይገባኛል፦ ከ7 ጀምሮ የፊት ገጹና የኋላው ክፍል ለየብቻ የሚሠሩ ሁለት ሶፍትዌሮች ሆነዋል፣ 2 ጊጋ ራም የነበረው ሰርቨር አይችለውም፣ ቢያንስ 8 አዘጋጁ። አሮጌውን ሳትነኩ አዲስ ማሽን ላይ ትከሉ። ዳታቤዙና ፒዲኤፎቹ ያሉበት ማስቀመጫ ፎልደር በአንድ ሰዓት ይገልበጡ፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ቀን ከዘገየ ፋይል የሌለው መዝገብ ይፈጠራል። ቋሚ ሊንክ ሃንድል በሚባለው የቋሚ አድራሻ አገልግሎት የምትሰጡ ከሆነ የዓመቱ 50 ዶላር መከፈሉን እዩ። ተመራቂው ሲቪው ላይ የጻፈው ሊንክ የሚሞተው በሷ ምክንያት ነው።

ንባብ_ቱሉዲምቱ

እግዜር ይስጥልን። ኮምፒዩተሮቹን ዛሬ አየናቸው፣ የማይሠሩት ሁሉ ቀናቸው 2009 እ.ኤ.አ. ላይ ነው። ባትሪው ብየዳ ይፈልጋል ወይስ ተነቅሎ የሚተካ ነው? ሌላው፣ ጥቅምት ላይ ትርጉሙን ሳያስቀምጡ ሰርቹን የጨረሱ ሦስት ማስተርስ ተማሪዎች አሉ። ከጥቅምቱ ቁጥር ጋር ይቀጥሉ ወይስ እንደገና?

ሪፈረንስ_ዴስክ

እንደገና። ማጣራቱን ገና ካልጀመሩ የጥቅምቱን ይተዉትና የጥሩን ሙሉ በሙሉ ይያዙ፣ አንድ ቀን ብቻ ይጻፉ። ርዕስና አጭር መግለጫ አንብበው ጨርሰው ከሆነ ግን የድሮውን ፋይል አይጣሉ፦ የአሁኑን ሰርች ሙሉውን አውርደው ዞቴሮ ውስጥ ከጥቅምቱ ጋር ይቀላቅሉ፣ ተደጋጋሚውን ያውጡ፣ የቀረውን አዲስ ብቻ ያንብቡ። ጥቅምት ላይ ኖሮ አሁን ያልመጣ ጽሑፍም እንደተካተተ ይቆያል። ሁለቱንም ቀን ይጽፋሉ፣ ልዩነቱ ከሜሽ መታደስ እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘዴው ክፍል ላይ ይገልጻሉ። ውጤቱ ከ10,000 ከበለጠ ፐብሜድ ባንዴ አያወርድም፣ በሕትመት ዓመት እየከፋፈሉ ያውርዱ።

ሰርቨር_ክፍል

ብየዳ የለውም። 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሁሉ ይገኛል። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አውጡ፣ ከዚያ በጎን ያለችውን ማያዣ በጥፍር ገፋ ስታደርጓት ባትሪው ብድግ ይላል። የመደመር ምልክቱ ያለበት ፊት ወደ ላይ ነው። ስትጨርሱ ባዮስ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በሚለው ሥር አድርጉና ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲወሰድ ምልክት አድርጉበት። የሌሎቹንም ባትሪ አብራችሁ ቀይሩ፣ ባንድ ጊዜ የተገዙ ከሆኑ እነሱም ተራቸው ቅርብ ነው።